ከድምጽ መስጫው ወረቀት ጀርባ

ፔቶስኪ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ናት። ከሜክሲኮ ድንበር እጅግ ትርቃለች። ሆኖም ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በአሪዞናና በኦሪገን ለሕዝብ ድምጽ የቀረቡ መጤን የሚመለከቱ ሕጎች ጓዳቸው ሲፈተሽ፣ ዱካው ደጋግሞ የሚያደርሰው እዚችው ከተማ፣ ጆን ታንተን ከሚባል የዓይን ሐኪም ዘንድ ነው።

ታንተን ንብ አናቢና የተፈጥሮ ጥበቃ ተቆርቋሪ ነበር። የሕዝብ ብዛት ምድሪቱን ያራቁታል ከሚል ሥጋት ተነስቶ፣ በ1979 «ፌር» በሚል ምኅጻር የሚታወቀውን ስደትን ለመገደብ የሚታገል ድርጅት መሠረተ። በ1983 ደግሞ እንግሊዝኛ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን የሚለውን «ዩ.ኤስ. ኢንግሊሽ»ን ከቀድሞው ሴናተር ኤስ. አይ. ሀያካዋ ጋር አቋቋመ። የሚገርመው ሀያካዋ ራሱ ካናዳ ውስጥ ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለደ መጤ መሆኑ ነው። የቋንቋው ዘመቻ ቶሎ ሠመረ፤ በ1986 ካሊፎርኒያ ላይ ከመራጩ 73 በመቶ ያህሉ ደገፈው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ታንተን ለቅርብ ወዳጆቹ የውስጥ ማስታወሻ ጻፈ። ላቲኖዎች ብዙ ስለሚወልዱ ነጩ ሕዝብ ሥልጣኑ ሲያመልጠው ዝም ብሎ ያያል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ላቲኖዎች ትምህርት ይዘልቃቸው እንደሆነም ይጠራጠራል። ማስታወሻው ሁለት ዓመት ተደብቆ ቆየና፣ አሪዞና ስለ እንግሊዝኛ ድምጽ ልትሰጥ ስትል በ1988 ለጋዜጣ ሾልኮ ወጣ። የዩ.ኤስ. ኢንግሊሽ ፕሬዚዳንት የነበረችው ሊንዳ ቻቬዝ፣ ራሷ ሂስፓኒክ የሆነች የፕሬዚዳንት ሬገን ሰው፣ ሥራዋን ለቀቀች። አሜሪካኖች ከማንም በላይ ያምኑት የነበረው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዋልተር ክሮንካይት ከአማካሪነቱ ወጣ። ታንተንም ከድርጅቱ ተሰናበተ።

ድምጹስ? ሕጉ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ባለ ድምጽ አለፈ። ጉድ መውጣቱ ታዋቂዎቹን አሸሸ እንጂ የመራጩን ሐሳብ አላስቀየረም። ሕጉን የጣለው ከ10 ዓመት በኋላ የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

አሪዞና ድምጽ በሰጠች በአምስተኛው ቀን፣ ኅዳር 13 ቀን 1988 (እ.ኤ.አ.)፣ ፖርትላንድ ኦሪገን ውስጥ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ራሳቸውን በተላጩ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ተገደለ። ሁለቱን ክስተቶች በገመድ ማሰር ስህተት ይሆናል፤ ለእንግሊዝኛ ድምጽ የሰጠ ጡረተኛና ዱላ ያነሳ ዘረኛ አንድ አይደሉም። ዳሩ ግን የገዳዮቹ አነሳሽ ተብሎ የተከሰሰው ቶም ሜትዝገር፣ በ1977 ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት ሰዎች በካሊፎርኒያ ሳን ይሲድሮ ድንበር ላይ «ጥበቃ እንቆማለን» ሲሉ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረ ነው። በ1990 የፖርትላንድ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) በሜትዝገርና በተባባሪዎቹ ላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። ለሙሉጌታ ቤተሰብ ከተሟገቱት አንዱ የደቡብ ድህነት ሕግ ማዕከል ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የታንተንን ድርጅቶች መረብ በሰፊው ያጋለጠውም ይኸው ማዕከል ነው።

በ1994 በካሊፎርኒያ ሌላ ዘመቻ የመጣው ኢኮኖሚ በደቀቀበትና ሥራ በጠፋበት ጊዜ ነው። «ፕሮፖዚሽን 187» የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ወረቀት የሌላቸውን ሁሉ ደግሞ ድንገተኛ ካልሆነ ሕክምና የሚያግድ ነበር። ከዚያም አልፎ አስተማሪው ተማሪውን፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ወረቀት የለውም ብሎ ከጠረጠረ እንዲጠቁም ያዝዛል። አገረ ገዢው ፒት ዊልሰን ድጋሚ ለመመረጥ ሕጉን የሙጥኝ አለ፤ በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ሰዎች በሳን ይሲድሮ መኪና መንገድ ላይ ተግተልትለው ሲሮጡ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ምስል ደጋግሞ ለቀቀ። ጥቅምት 16 (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ ውስጥ 70 ሺህ ያህል ሰው ተቃውሞ ወጣ።

ከሕጉ ጀርባ ከነበሩት አንዱ አላን ኔልሰን፣ በሬገን ዘመን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ኋላም የፌር አማካሪ ነበር። ተቃዋሚዎች የፌርን ሒሳብ ሲያገላብጡ ያገኙት ስም «ፓዮኒር ፈንድ» ነው። ከ1985 እስከ 1994 ፌር ከዚህ ተቋም ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ፓዮኒር ፈንድ በ1937 በጨርቃ ጨርቅ ሀብት ወራሹ ዊክሊፍ ድሬፐር የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሃሪ ላፍሊን ነበር። ላፍሊን «ደካማ ዘር» እንዳይራባ ሰዎችን ማምከን ይገባል ብሎ የሚሰብክ፣ ለምክር ቤቱ የኢሚግሬሽን ኮሚቴ የዘር «ሊቅ» ሆኖ የመሰከረ ሰው ነው። የምሥራቅና ደቡብ አውሮፓውያንን በኮታ የገደበው የ1924ቱ ሕግ ሲወጣ የእሱ ቃል ሚዛን ደፍቷል። በ1936 በናዚዎች እጅ የነበረው የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

የገንዘቡን ምንጭ መናገር መራጩን ሁሉ ዘረኛ ማለት አይደለም። ብዙው ሰው የፈረመው ግብሬ የት ይሄዳል፣ የልጄ ክፍል ለምን ተጨናነቀ ብሎ ነው፤ ላፍሊን የሚባል ሰው መኖሩንም አያውቅም። ነገሩ የሚከብደውም ለዚህ ነው። እውነተኛው ብሶት ከታች ነው፤ ብሶቱን በአንቀጽ የሚቀርጸው፣ ባለሙያ የሚቀጥርለትና ቋንቋ የሚያውሰው ግን ሌላ ነበር። ታንተን እስከ ዕለተ ሞቱ ዘረኛ አይደለሁም ሲል ኖሯል። ሆኖም በ1993 ለአንድ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ፣ የአውሮፓ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ባህል እንዲቀጥል እነሱ ብዙኃን ሆነው መቆየት አለባቸው ብሏል።

ካሊፎርኒያ 187ን 59 በመቶ በሚሆን ድምጽ አሳለፈች። አሁንም ሕጉን ያስቆመው ፍርድ ቤት ነው፤ ዳኛ ማሪያና ፌልዘር አብዛኛውን አንቀጽ አገደች፣ በ1999 አዲሱ አገረ ገዢ ግሬይ ዴቪስ ይግባኙን ተወው። ያላሰቡት መዘዝም መጣ፤ የተገፉት ላቲኖዎች ዜግነት እየወሰዱ ለምርጫ ተመዘገቡ፣ የዊልሰን ፓርቲም በግዛቲቱ እያደር ተዳከመ።

በ2004 አሪዞና ለመራጭነት የዜግነት ማስረጃ የሚጠይቀውን «ፕሮፖዚሽን 200» ስታቀርብ፣ ከ122 ሺህ በላይ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና ፌር ለፊርማ ሰብሳቢዎች ገንዘብ አፈሰሰ። በዘመቻው መካከል ሕጉን ያቀረበው የአሪዞና ቡድን ቨርጂኒያ አበርነቲ የተባለችን ጡረተኛ ፕሮፌሰር የአማካሪ ቦርዱ ሰብሳቢ አድርጎ ሾመ። አበርነቲ በነጭ የበላይነት አራማጆች ኅትመቶች የምትታወቅ ናት። ስትጠየቅ የበላይነት አራማጅ ሳልሆን የ«መለያየት» ደጋፊ ነኝ አለች። ይሄኔ ፌር ራሱ አወገዛት። ሕጉ ግን 56 በመቶ አግኝቶ አለፈ፤ በዕለቱ መራጮች ሲጠየቁ ከላቲኖዎቹም ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ደግፈናል ብለዋል። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ 2 በሆነ ድምጽ፣ የፌደራሉን የምዝገባ ቅጽ የሞላ ሰው ተጨማሪ ማስረጃ እንዳይጠየቅ ወሰነ።

ኦሪገን ከዚህ ሁሉ ተለየች። ከ1987 ጀምሮ የአካባቢ ፖሊስ በኢሚግሬሽን አደን እንዳይሰማራ የሚከለክል ሕግ አላት። በ2018 ይህን ሕግ ለመሻር «ሜዠር 105» ሲቀርብ ፌር ደገፈው። የተቃዋሚዎቹ ቅስቀሳ ግን ስለ ገንዘቡ ምንጭና ስለ ድርጅቶቹ ማንነትም አወራ፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ናይኪን የመሰሉ ትልልቅ ኩባንያዎችም ሕጉ አይነካ አሉ። ሙሉጌታ በተገደለ በ30 ዓመቱ፣ በዚያው በኅዳር፣ ከመራጩ 63 በመቶ ያህሉ «አይሻርም» አለ።