ስለ ቤት ኪራይ ውል

ወደ ከተማ የሚገባ ወጣት አስቀድሞ የሚሻው ማደሪያ ነው፤ ማደሪያም ሲያገኝ ከደስታው ብዛት የተነሣ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል። ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ ስላልሆነ፣ ሕጉ በየዘመኑ ተከራዩን እንዴት እንደ ተመለከተው ጥቂት እንናገራለን።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ስለ ቤት ኪራይም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አከራዩ ቤቱን ለአገልግሎቱ በሚበቃ ሁኔታ እንዲያስረክብ፣ በኪራዩም ዘመን በደኅና እንዲጠብቀው ያዝዛል። የኪራዩን ልክ ግን ለሁለቱ ስምምነት ተወው። ስምምነት መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን አንዱ ባለቤት፣ ሁለተኛው ዕቃውን ተሸክሞ ደጅ የቆመ ሲሆን፣ ስምምነቱ ወደ ማን እንደሚያደላ ሕፃን እንኳ አያጣውም።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አነስተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረውም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰለት። ድኻው ደስ አለው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለ ተከለከለ በኋላ የመጣው ሰው መግቢያ ጠበበው፤ ብዙዎችም በቀበሌ ቤት በደባልነት ተጠግተው ኖሩ።

የደርግ ሥርዓት ካበቃ በኋላ የግል ኪራይ ሲስፋፋ ያ የቀድሞው ስምምነት አብሮ ተመለሰ። ብዙው ውል በደላላ ፊት በቃል ያልቅ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያሳየኝ ወረቀት ተከራዩ የሚከፍለውን ሁሉ ሲዘረዝር፣ አከራዩ ስለሚፈጽመው ግን አንዲት መስመር አልነበረውም። ተማሪዬ ግን ፈርሞበታል!

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል የሚል ወረቀት ቢሰጡህ፣ ያ ወረቀት ሕጉን እንደሚቃረን ብዕሩን ሳታነሣ ዕወቅ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ሲሆን፣ ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ሱቅ የሚከራይ ሰው ዛሬም የሚመለከተው ያን የ1952ቱን ሕግ ነው።