በረዶ በዋሽንግተን፦ ማን ይጥረገው?

በዋሽንግተን ዲሲ በአንድ የብርድ ወቅት የሚጥለው በረዶ በአማካይ 35 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ይህ መጠን ለከተማ አስተዳደር አይመችም፤ ችላ እንዳይሉት ይበዛል፣ በረዶ የሚበዛባቸውን ቡፋሎን ወይም ሚኒያፖሊስን ያህል ጠራጊ መኪና ገዝተው እንዳያቆሙለት ያንሳል። አንዳንዱ ዓመት እዚህ ግባ የሚባል በረዶ ሳይታይበት ያልፋል፤ በሌላው ደግሞ የዓመቱ ድርሻ እጥፍ ሆኖ በሁለት ቀን ይወርዳል። ጥሩ ዝግጅት በባዶ ዓመት ብክነት ይባላል፣ ቁጠባው በከባድ ዓመት ዝርክርክነት ይሆናል። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1899 በየካቲት ወር የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ወረደ፤ ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል በርዷት አያውቅም። በዚያው ሳምንት ከ50 ሳንቲሜትር በላይ በረዶ ጣለ። የዚያ ዘመን መሣሪያ አካፋ፣ ጋሪና የቀን ሠራተኛ ነበር። የትራም ኩባንያዎች የየራሳቸውን ሃዲድ ይጠርጉ ነበር፤ ሥራውም ከሌላው ከተማ ይከብዳቸው ነበር። በመሃል ዋሽንግተን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመንገድ በላይ እንዳይዘረጋ ተከልክሎ ስለነበር፣ ትራሞቹ ኃይል የሚያገኙት በሃዲዱ መካከል ከመንገዱ በታች ከተሠራ ቦይ ነበር። የቀለጠ በረዶ ወደ ቦዩ ሲገባ ትራሙ ባለበት ይቆም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ቀን ግን ቅዳሜ ጥር 28 ቀን 1922 ነው። ከዋዜማው ጀምሮ የጣለው በረዶ 71 ሳንቲሜትር ደርሶ ነበር፤ እስከ ዛሬም በከተማዋ ከአንድ ውሽንፍር የተለካ ከፍተኛው መጠን ይኸው ነው። በ18ኛው መንገድና በኮሎምቢያ ሮድ መገናኛ ላይ ኒከርቦከር የሚባል፣ ከተሠራ አምስት ዓመት ያልበለጠው ሲኒማ ቤት ነበር። በዚያ ምሽት ብርዱን ደፍረው ኮሜዲ ፊልም ለማየት የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ውስጥ ነበሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጠፍጣፋው ጣሪያ በበረዶው ክብደት ተደርምሶ ወረደ፤ ሲወርድ ሰገነቱን ይዞ በታች ባሉት ሰዎች ላይ አረፈ። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ ወታደሮችና የሰፈሩ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ቆፈሩ። በአቅራቢያው የነበረ ቤተ ክርስቲያን የአስከሬን ማቆያ ሆነ። የሞቱት 98 ሲሆኑ የቀድሞ የፔንሲልቬንያ የኮንግረስ አባል አንድሩ ባርችፌልድ አንዱ ነበሩ። ምርመራው ጥፋቱን በበረዶው ብቻ አላላከከም፤ የጣሪያውን ተሸካሚ ብረቶች አጣጣልም ወቀሰ። የከተማዋ የሕንፃ ደንብም ከዚያ በኋላ ጠበቀ። የሕንፃው ንድፍ አውጪም የሲኒማ ቤቱ ባለቤትም ከዓመታት በኋላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

በዚያው ዓመት መስከረም 16 ቀን ኮንግረስ ለዋሽንግተን የበረዶ ሕግ አወጣ። ከተማዋ ያኔ የራሷ የተመረጠ ከንቲባ አልነበራትም፤ ሕግ አውጪዋ ኮንግረስ፣ አስተዳዳሪዎቿም የተሾሙ ኮሚሽነሮች ነበሩ። ሕጉ አጭር ነው፦ በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ባለቤቱ ወይም ተከራዩ በቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ይጥረግ፤ ጠንክሮ አልነሳ ካለ አሸዋ ይበትንበት። የመኪናው መንገድ የመንግሥት፣ የእግረኛው መንገድ የጎረቤት ሆነ። ይህ ክፍፍል እስካሁን አልተለወጠም።

መንግሥት ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን መሆን እንደሚችል በ1961 ታየ። ጆን ኬኔዲ ቃለ መሐላ በሚፈጽሙበት ዋዜማ 20 ሳንቲሜትር በረዶ ጣለ፤ የጦር ሠራዊቱ ታዝዞ ሰልፉ የሚያልፍበት ፔንሲልቬንያ ጎዳና በአንድ ሌሊት ጠራ። የሰፈር መንገዶች ይህን ዓይነት ሌሊት አይተው አያውቁም።

ከ1975 ጀምሮ ከተማዋ በመረጠችው ከንቲባ ስትተዳደር በረዶው የሚጠየቅበት ሰው አገኘ። ማሪዮን ባሪ በጥር 1979 ሥልጣን ያዙ፤ በሚቀጥለው ወር 47 ሳንቲሜትር በረዶ ጣለባቸው። ከተማዋን ያዳኗት ያልታሰቡ ሰዎች ናቸው። የእርሻ ምርት ዋጋ ወደቀብን ያሉ ገበሬዎች በዚያው ወር ትራክተራቸውን እየነዱ ለተቃውሞ መጥተው ነበር። ትራፊኩን ስላወኩ ፖሊስ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ከቦ ናሽናል ሞል በሚባለው ሜዳ ላይ አጉሯቸዋል፤ ነዋሪውም ተማሮባቸዋል። በረዶው ሲጥል ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር የእነሱ ትራክተር ሆነ። የተቀበሩ መኪኖችን ጎትተው አወጡ፣ ሐኪሞችንና ነርሶችን ሆስፒታል አደረሱ። በዚያው ወር የቺካጎው ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ በበረዶ አያያዛቸው ተነቅፈው ምርጫ ተሸንፈዋል፤ ባሪ ገና አዲስ መሆናቸው በጃቸው።

በ1987 ግን በጥር ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ውሽንፍር ሲወርድ ባሪ ሱፐር ቦውል የተባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ለማየት ካሊፎርኒያ ነበሩ። ነዋሪው ከበረዶው ይልቅ ያንን ዜና ነው ያስታወሰው። በ1996 ሌላ 43 ሳንቲሜትር ጣለ፤ ባሪ እንደገና ከንቲባ ሆነው፣ ከተማዋ ግን ገንዘብ ጨርሳ ኮንግረስ ባቋቋመው ቦርድ ሥር ወድቃ ነበር። ጠራጊ መኪኖቹ ተበላሽተው ቆመው፣ የሰፈር መንገዶች ለቀናት ተዘግተው ቆዩ።

መረጃ ራሱ እንደ ጨውና አካፋ የበረዶ መከላከያ ነው፤ ያለ ጊዜው ከመጣ ግን ይጎዳል። ጥር 13 ቀን 1982 የፌዴራል ሠራተኞች በረዶው በርትቷልና ቀደም ብለው እንዲወጡ ተነገራቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መኪናውን አስነሣ። በዚያው ከሰዓት በኋላ አንድ አውሮፕላን ከተነሣ በኋላ በ14ኛው መንገድ ድልድይ ላይ ወድቆ ፖቶማክ ወንዝ ሲገባ፣ አምቡላንሶቹ በተጨናነቀው መንገድ መሃል ተያዙ። 78 ሰዎች ሞቱ። ወዲያው ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ከሃዲዱ ወጥቶ 3 ሰዎችን ገደለ።

በየካቲት 2010 የመጡት ተከታታይ ውሽንፍሮች የዚያን የብርድ ወቅት ድምር 142 ሳንቲሜትር አድርሰው የ1899ን ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከአራት ቀን በላይ ተዘጉ። ጠዋት በሬዲዮ ይነበብ የነበረው የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ዛሬ በስልክ ይደርሳል፤ ጠራጊው መኪና በየትኛው መንገድ እንዳለፈ በካርታ ይታያል። ካርታው ክርክሩን አላበረደውም፤ ነዋሪው «አለፈ» የተባለለትን መንገድ በመስኮቱ ሆኖ ያየዋልና።

ኒከርቦከር የነበረበት አዳምስ ሞርጋን ሰፈር በ1980ዎቹ የኢትዮጵያውያን መኖሪያና መነገጃ ሆነ። በ18ኛው መንገድ ላይ እንደ ቀይ ባሕርና መስከረም ያሉ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1922ቱ የበረዶ ሕግ መሠረት ደጃቸውን የመጥረግ ግዴታም የእነሱ ሆነ። ሕጉ ለብዙ አሥርት ዓመታት እምብዛም አይተገበርም ነበር፤ በ2014 ተሻሽሎ ቅጣት ተቆረጠለት፦ ለመኖሪያ ቤት 25 ዶላር፣ ለንግድ ቤት 150 ዶላር። 65 ዓመት የሞላቸውና አካል ጉዳተኞች ከመኖሪያ ቤቱ ቅጣት ነፃ ናቸው። ለኢትዮጵያውያኑ ነዋሪዎችም፣ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።