የፒያሳ ጌም ቤቶችና የ97ቱ ክራቶስ

ስለ 1997 ዓ.ም. ሲወራ ምርጫው ይነሳል፣ ቅንጅት ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ጥቅምት 98ቱ አፈሳና ወደ ዴዴሳ ይኬዳል። ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው፣ መጋቢት 13 ቀን 1997፣ አሜሪካ ውስጥ «ጎድ ኦፍ ዋር» የሚባል የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ለገበያ ወጣ። ይህን የትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ከምርጫው ጋር አያነሳውም። አራዳ ላደገ የእኔ ዘመን ልጅ ግን ሁለቱ የአንድ ዘመን ትዝታ ናቸው።

ጌሙ ክራቶስ የሚባል የስፓርታ ወታደር ታሪክ ነው። በሰንሰለት ክንዱ ላይ የታሰሩ ሁለት ሰይፎች አሉት። ካሬዋን ሲነኩ ፈጣን ምት፣ ሦስት ማዕዘኗን ሲነኩ ከባድ ምት፤ ሁለቱን ማቀላቀል ሲለመድ ጣት ከሐሳብ ይቀድማል። አሥር ጠላት ከብቦህ አንዱም ሳይነካህ መውጣት ሌላ ነገር ነው። ኳስ ጌም ይህን አይሰጥም።

ችግሩ ሒሳቡ ነበር። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፣ ያልቃል። ክራቶስ ግን በሰዓት ነው፣ መጨረሻው ሩቅ ነው፣ ሜሞሪ ካርድ ደግሞ ሁሉም የለውም። በ2001 የመብራት ፈረቃ ሲመጣ የስንቱ ሳንቲም ሴቭ ሳይደረግ በጨለማ ቀርቷል! ስለዚህ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው እየተቀባበሉ ይጫወቱ ነበር፤ የሞተ ጆይስቲኩን ያስረክባል። ለአንድ ሰው የተሠራ ጌም ፒያሳ ላይ የማኅበር ሆነ። ጃፓኖች በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ዴቪል ሜይ ክራይ» ውስጥ ማሽኑ ራሱ ለአመታትህ ማማር ከዲ እስከ ኤስ ማርክ ይሰጣል። እኛ ጋ ማርኩን የሚሰጡት ከኋላ ቆመው ተራ የሚጠብቁት ናቸው፤ እነሱም ማርክ አያባክኑም።

ወላጅና ፖሊስ እነዚህን ቤቶች በክፉ ዓይን ማየታቸው አዲስ አልነበረም። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎታል። ቪዲዮ ቤቶችም ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር አብረው ተወግዘዋል። በጌም ቤቶቹ ዘመን ግን ስጋቱ ሕግ ነበረው፤ «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለው ቃል በአዋጅ ቁጥር 384/1996 ሰፍሯል። ሥራ የሌለው ወጣት በርከት ብሎ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጡ፣ በተለይ ከ97 በኋላ፣ ለመንግሥት መዝናኛ አይመስልም ነበር። በእኔ ግምት ግን በዚያ ሰሞን ወጣቱን ከአደባባይ ያራቀው ከፖሊስ ይልቅ ጌም ቤት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ክርክሩ ስለ ቅርስ ሕንፃዎች ነበር፣ ተገቢም ነው። ጌም ቤት ግን ለቅርስነት የሚቀርብ ግድግዳ የለውም፤ የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ በቃ። ነዋሪው የከተማው ዳርቻ ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል። አብረው ተራ የጠበቁ ልጆች ዛሬ በአንድ ሰፈር አይገኙም።

ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ ጌም ቤት የነበራችሁ ወይም የተጫወታችሁ፣ ቦታውን፣ ዓመቱንና የሰዓቱን ዋጋ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።