«ጠባብ ጦማር» ይቅርብን

«ጠባብ ጦማር» የሚል ሐረግ ሰሞኑን ደጋግሞ እየገጠመኝ ነው። አንድ ሰው ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ ስለ እርሳስ፣ ስለ ድሮ ካርታ፣ ስለ ሥርዓተ ነጥብ፣ ዓመት ከዓመት ሳይሰለች የሚጽፍበትን የግል የኢንተርኔት ገጽ ለመሰየም የመጣ ነው። እንግሊዝኛው «ኒሽ ብሎግ» ይለዋል። ነገሩን አብዛኛው አንባቢ በከፊልም ቢሆን ስለሚያውቀው ብዙ አላብራራም፤ እኔን የሚያስቸግረኝ ስሙ ነው። የተረጎመው ሰው፣ ወይም ማሽን፣ «ጉዳዩ ሰፊ አይደለም፤ እንግዲያው ጠባብ ነው» ብሎ አሰበ መሰለኝ። ጮክ ብሎ አላነበበውም እንጂ ቢያነበው ኖሮ «ጠባብ» የሚለው ቃል በአገራችን ከመለኪያነት አልፎ ክስ ከሆነ መቆየቱ ትዝ ይለው ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን «ጠባብነትና ትምክህት» ከግምገማ መድረክ እስከ ምሽት ዜና አብረው ሲጠሩ ኖረዋል። ያኔ አንድ ሰው «ጠባብ» የተባለው ሱሪው ስለጠበበው አልነበረም። ስለ እርሳስ የሚጽፍን ምስኪን «ጠባብ ጦማሪ» ማለት ባላጠፋው ጥፋት ግምገማ ላይ ማቆም ነው።

«ኒሽ» ራሱ ከጥበት አልተነሣም። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሐውልት ወይም ሌላ ጌጥ እንዲቆምበት ግድግዳ ውስጥ የሚበጅ ጎድጓዳ ቦታ ማለት ነው። ብዙ የሥርወ ቃል አጥኚዎች ጎጆ መሥራት ከሚል ግስ፣ በእሱም በኩል ከላቲኑ «ኒዱስ»፣ ከወፍ ጎጆ ያመጡታል። ቦታው ለነዋሪው ልክ ተደርጎ መሠራቱ ነው ቁም ነገሩ። ታዲያ «የጎጆ ጦማር» ብንለውስ? አማርኛ እዚህ ላይ ይስቅብናል። ጎጆ መውጣት ትዳር መያዝ ነውና አንባቢ አዲስ ተጋቢዎች የሚጽፉት ይመስለዋል። «የጓዳ ጦማር» የሚለውን ለጥቂት ጊዜ ወድጄው ነበር፤ ጓዳ ሙቀት አለው፣ ባለቤት አለው። ችግሩ ጓዳ ለእንግዳ አይታይም፤ ይህ ጽሑፍ ደግሞ በሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። «የልዩ ፍላጎት ጦማር» የሚሉም አሉ። «ልዩ ፍላጎት» ግን በትምህርት ዘርፍ ቦታውን ይዟል፤ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ የልዩ ፍላጎት ክፍል እንላለን። ሥራ ላይ ያለን ቃል ለሌላ ሥራ መጥራት ግራ መጋባትን እንጂ ሌላ አያተርፍም።

ከሁሉ የሚከፋብኝ ግን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ጦማር» ነው። ርዝመቱን ተዉት። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያህ ምንድን ነው?» የሚለው የትምህርት ቤት ጥያቄ ያስለመደን ሐረግ ነው፤ ያኔ «እግር ኳስ ማየትና ሙዚቃ ማዳመጥ» ብለን መልሰን እንቀመጥ ነበር። አሁን ይህን ሐረግ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ስለ አንድ ሰፈር ብቻ በሚጽፍ ሰው ላይ እንለጥፈው። «ስፒታልፊልድስ ላይፍ» ይባላል ጦማሩ፤ ጸሐፊው ስሙን ሳይገልጥ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 ጀመረ። የገባው ቃል በየቀኑ አንድ፣ በጠቅላላው 10,000 ታሪክ ለመጻፍ ነው። ከ27 ዓመት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የገበያ ነጋዴ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ ድመት ሳይቀር ተራው ይደርሰዋል። እዚህ ውስጥ ትርፍ የሆነው ጊዜ የቱ ነው? ሰውየው ምኑን እያሳለፈ ነው?

ወደ ምርጫዬ ከመሄዴ በፊት «ጦማር» ላይ ልቆይ፤ እሱም ነቃፊ አላጣምና። አንዱ ወገን «ብሎግን ማን የማያውቀው አለና ነው ግእዝ ያስፈለገው?» ይላል። ሌላው «ንጹሕ ግእዝ ነው» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ሁለቱንም የማያስደስት ነገር ልናገር። ጦማር በመነሻው ግእዝ አይደለም። ከግሪኩ «ቶማሪዮን» የመጣ ነው፤ ትንሽ ጥቅል ጽሑፍ ማለት ነው። የዚያም እናት «ቶሞስ» ናት፤ ቁራጭ፣ ከፓፒረስ ጥቅል የተቆረጠ። ግእዝ ተቀብሎ ለደብዳቤና ለጽሑፍ ጥቅል ሲገለገልበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደረሷቸው ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ «ጦማረ ትስብእት» ነው። ብሎግን የሚያህል ወጣት ቃል ከዚህ ጋር ማወዳደር ይከብዳል፤ ቢሆንም እንሞክር። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ «ዌብሎግ» የሚለውን ስም ፈጠረ፤ በድር ላይ የሚያዝ መዝገብ ለማለት ነው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ ቃሉን ለቀልድ ከመካከሉ ሰንጥቆ «ዊ ብሎግ» አደረገው፤ ከዚያ የፊተኛው ረገፈና «ብሎግ» ቀረ። «ሎግ» የሚለው ደግሞ ከመርከብ መዝገብ የመጣ ነው፤ መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለመለካት በገመድ አስረው ባሕር ላይ ይጥሉት ከነበረው እንጨት። የኛው ቃል ከተቆረጠ ፓፒረስ፣ የእነሱ ከተቆረጠ እንጨት። በዘር ማንነት ከሆነ ማንም በማንም ላይ የሚኮራበት የለም።

እኔ ጦማርን የምደግፈው በትውልዱ ሳይሆን በርቢው ነው። ሞከረ፣ መሞከር፣ ሙከራ፣ ሞካሪ። ጦመረ፣ መጦመር፣ ጡመራ፣ ጦማሪ። ማንም ኮሚቴ ተቀምጦ አላረባውም፤ ቃሉ አፍ ላይ ሲገባ መንገዱን ራሱ አገኘ። «ብሎግ» ግን «ኦች» ተጨምሮለት «ብሎጎች» ከሆነ በኋላ አይራመድም። ግስ ሲያስፈልግ «ብሎግ አደረገ» ብሎ ምርኩዝ ይይዛል። በግድ እናርባህ ብንለውም ብ-ል-ግ ላይ ቀድመው የተቀመጡ ዘመዶች አሉ፤ አንዱ «በልግ» ነው፣ ሌላው «ብልግና»። «ሰውየው ስለ ካርታ ባለገ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ጦማሪ የሚለው ቃል በየቤቱ የገባው ደግሞ በደስታ ዜና አልነበረም፤ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የ«ዞን 9» ጦማርያን ከጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጦማር ሲባል ፖለቲካ ብቻ ይታየዋል። ስለዚህ ስለ እርሳስና ስለ ካርታ ለሚጽፉት አንድ መለያ መፈለጉ ተገቢ ነው፤ የተመረጠው መለያ ግን ሌላ ፖለቲካዊ ቃል መሆኑ አስገራሚ ነው።

እኔ «የዝንባሌ ጦማር» ልበለው እላለሁ።

ዝንባሌ አዲስ ቃል አይደለም፤ «ልጁ ለሥዕል ዝንባሌ አለው» ሲባል ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ሥሩ ዘንበል ማለት፣ ማዘንበል ነው። ዘንበል ያለ እንስራ ይፈስሳል፤ እነዚህ ሰዎችም የሚጽፉት ወደ አንድ ጎን ስላዘነበሉና የያዙት ስለሚፈስስ ነው። «ጠባብ» ጉዳዩን ይለካል፤ «ትርፍ ጊዜ» ሰዓቱን ይቆጥራል። ዝንባሌ ግን ስለ ሰውየው ይናገራል። እርሳስን፣ ካርታንና ሥርዓተ ነጥብን አንድ ላይ የሚያስጠራ ሌላ ምን ነገር አለ? ወዳጆቼ «የአባዜ ጦማር» ወይም «የልክፍት ጦማር» በለው እያሉ ይቀልዳሉ። እውነት አለው፤ አንዳንዱን ጦማሪ ጠበል ቢወስዱትም የሚለቀው አይመስልም። ይሁን እንጂ ስም ስናወጣ ባለቤቱ ራሱን ሊጠራበት የማያፍርበት ቢሆን ይሻላል።

ቃሉን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ልፈትነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚል ጦማር ከፈተ። ሥራው የአፍሪካ ካሴቶችን መሰብሰብ፣ ሽፋናቸውን ማሳየትና ድምፃቸውን ማሰማት ነበር። ሲዲ ካሴትን ከገበያ ካስወጣ በኋላ ካሴት፣ ያውም ከአንድ አህጉር ብቻ! ባሕር ዳር ካገኛቸው ካሴቶች አንዱ የኃይሉ መርጊያ ሥራ ነበር። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን የቀዳው። ካሴቱ ሲገኝ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ጦማሩ በዚያን ጊዜ ወደ ሙዚቃ አሳታሚነት አድጎ ስለነበር ካሴቱ በ2013 «ሸሞንሟናዬ» ተብሎ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በዓለም ዞሮ ተጫወተ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። የካሴት ጦማርን «ጠባብ» ማለት ጥሩ ትርጉም ነው¡

ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የተገለበጠውን ቃለ አጋኖ የፊደል ስሕተት ነው ያለ አንባቢ ካለ አይደለም። ትእምርተ ስላቅ ይባላል፤ ሽሙጥ መሆኑን ለማሳወቅ በአማርኛ ጽሑፍ የምንገለገልበት ምልክት ነበር፤ ዛሬ ብዙም አይታይም። ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኪት ሂውስተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ስለ ሥርዓተ ነጥብ «ሼዲ ካራክተርስ» የሚል ጦማር ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ ውስጡም አውሮፓውያን ለምፀትና ለሽሙጥ ምልክት ለመፍጠር በየዘመኑ ያደረጉትን ሙከራ የሚተርክ ምዕራፍ አለ። እነሱ የሚመኙትን እኛ ይዘን ነው የጣልነው። ስለ ሁለት ነጥብ፣ በየቃሉ መካከል ይቀመጥ የነበረው ለባዶ ቦታ እንዴት ወንበሩን እንደለቀቀ፣ አንድ ባለዝንባሌ አሥር ዓመት ቢጽፍ እኔ አሥር ዓመት አነባለሁ።

በዝንባሌ ላይ የሚነሣ አንድ ከበድ ያለ ተቃውሞ አለ። የኢኮኖሚ ዘጋቢዎች «ዋጋው የመጨመር ዝንባሌ አሳይቷል» ይላሉ፤ ቃሉ ለአዝማሚያም ያገለግላል ማለት ነው። ልክ ነው። ነገር ግን ዋጋውም እኮ ያዘነብላል፤ ሥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙም አይጣላም። «የዝንባሌ ጦማር» የሚለውን አይቶ ስለ ጤፍ ዋጋ የሚያስብ ካለ እሱ የራሱ ዝንባሌ ነው። «ጦማሪው ምን ዓይነት ነው?» ሲባልም «ባለዝንባሌ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ «ባለጠባብ» ወይም «ባለትርፍ ጊዜ» ብላችሁ ሞክሩት።

ቃሉ ሥራ እንዳያጣ ደግሞ የሚጻፍ ሞልቷል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሚለጠፉት ጥቅሶች አሉ፤ ረዳቱን የሚከላከሉ፣ ሒሳብ የሚያስታውሱ፣ ፍቅረኛ ላይ የሚያሽሟጥጡ። መኪናው ሲሸጥ ወይም ውስጡ ሲታደስ አብረው ይሄዳሉ። የጀበና ቅርጽ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። የሱቆች የእጅ ጽሑፍ ሰሌዳ አለ፤ ፊደሉን የጣለበት መንገድ ሠዓሊውን ያሳውቃል። አሜሪካ ውስጥ አንዲት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረችው «ማክማንሽን ሄል» የተሰኘ ጦማር ያላቅማቸው ገዝፈው የተሠሩ አስቀያሚ ቤቶችን በፎቶ እያሳየ ያሽሟጥጣል። የአዲስ አበባን የመስታወት ሕንፃዎች የሚያይ ሰው ርዕስ አይቸግረውም።

ብዙ ቁጥሩን በተመለከተ «ጦማሮች» ይበቃል። «ጦማራት» የሚሉ አሉ፤ አልጣላቸውም። ለሰዎቹ «ጦማሪዎች» እና «ጦማርያን» ሁለቱም ይሄዳሉ፤ እኔ በንግግር የፊተኛውን፣ በጽሑፍ የኋለኛውን እጠቀማለሁ። ሴቷን «ጦማሪት» ማለት ግን ገና ጆሮዬ አልለመደውም።