ቦጂና ነቀምቴ፦ የወለጋ ሁለት ትምህርት ቤቶች

ትምህርት ቤቶችን ስናወዳድር ቀድመን የምንጠይቀው ስንቱ ተማሪ ፈተናውን እንዳለፈ ነው። የወለጋ ታሪክ ግን ሌላ መለኪያ ያስታውሰናል፤ ልጁ ማንበብ የጀመረው በማን ቋንቋ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1898 የሐማሴኑ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ቦጂ ደርሰው ከኦሮምኛው ሐዲስ ኪዳን እያነበቡ ያስተምሩ ጀመር። በ1904 ደግሞ በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ወለጋ ተመልሰው ከአስቴር ጋኖ ጋር በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። በእጃቸው በ1894 ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ላይ በግዕዝ ፊደል ያሳተሙት የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ነበር፤ የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ለመጽሐፉ የሰበሰቡት አስቴር ናቸው።

ሁለቱም መምህራን ግን ቶሎ መከራ ገጠማቸው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 ከሚቃጠል ቤት ሰው ለማውጣት ሲሉ ሞቱ። ኦኔሲሞስ በ1906 ተከሰው ዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀረቡ፤ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቀድላቸውም መስበክ ተከለከሉ።

ኦሮምኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቋንቋ የሆነው ከ1991 በኋላ ነው፤ ያውም በላቲን ፊደል። ፊደሉ ተለወጠ፤ መለኪያው ግን ያው ነው። ስንቱ አለፈ ከማለታችን በፊት፣ ልጁ የእናቱን ቃል በመጽሐፍ ውስጥ አግኝቶ እንደሆነ እንጠይቅ።