ቦታውን በየትኛው ዘመን ወረቀት ይዘኸዋል? የቤት ሥራ ፈቃድ ታሪክ በደሴ

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ውኃው ተነጋግረን ስናበቃ፣ ቡና ላይ የሚነሣው ወሬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የአባቴን ቤት አፍርሼ ልሠራ ነው፤ ፈቃዱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» የእኛም ቤተሰብ ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚሁ መንገድ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው እኔን ይጠይቀኛል። መልሴ ረዘም ይላል። ደሴ ላይ ቤት ለመሥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በቅድሚያ የሚመልሰው «ምን ልትሠራ ነው?» የሚለውን ሳይሆን «ቦታውን በየትኛው ዘመን ወረቀት ይዘኸዋል?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የወረቀቱን ታሪክ ልጽፍላችሁ አሰብኩ።

በአያቶቻችን ዘመን ፈቃድ ማለት የጌታ ቃል ነበር። ደሴ የወሎ መናገሻ ሆና ያደገችው በራስ ሚካኤል፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል፣ ግቢ ዙሪያ ነው። መኳንንቱና ወታደሩ፣ ካህኑና ነጋዴው በየተመራበት ሰፈር ጎጆውን ቀለሰ። ዛሬም አዛውንቶች «አባቴ የተመራው ቦታ» ሲሉ ትሰማላችሁ። የሰጠው ጌታ ከተሻረ ምሪቱም ያሰጋል፤ ወረቀት ስለሌለ ምስክሩ ጎረቤት ብቻ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦታ የግል ሀብት ሆኖ እንዲሸጥና እንዲለወጥ የሚፈቅድ ደንብ ሲያወጡ ትልቅ ለውጥ የሆነውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤትነት በማኅተም የሚረጋገጥ ነገር ሆነ።

ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ። ብዙ አልቆየም፤ ሆኖም የአስመራውን አውራ ጎዳና በከተማችን አሳልፎ ወደ አዲስ አበባ አገናኘው፤ ፒያሳ የሚለውን ስምም ትቶልን ሄደ። ለአዲስ አበባ ባወጣው ማስተር ፕላን የሀገሬውን ሰፈር ከነጩ ሰፈር መለየት አንዱ ዋና ሐሳብ ነበር። «ፕላን» የሚለውን ቃል ሽማግሌዎቻችን በጥርጣሬ ቢሰሙት አይፈረድባቸውም።

ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። የአባቴ የቆርቆሮ ሣጥን የሚጀምረው ከዚህ ዘመን ነው። ከላይ ያለው ወረቀት በሐምራዊ ቀለም የተጻፈ፣ በሦስት ምስክሮች ጣት የታተመበት የሽያጭ ውል ነው። አዋሳኙን የሚናገረው በሰው ስም ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በደቡብ ወንዙ። ከሥሩ ለማዘጋጃ ቤት የተከፈለ የግብር ደረሰኝ በዓመት በዓመቱ ተሰፍቶ አለ። አባቴ ደረሰኝ አይጥልም ነበር። ልጅ ሆነን እንስቅበት ነበር፤ ዛሬ ፈቃድ ስንጠይቅ ያዋጣን ያ ሣጥን ነው።

የሣጥኑ ወረቀት ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ መልኩን ይለውጣል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ። ለመሬቱ ካሳ አይከፈልም። ለአዲስ መኖሪያ የሚሰጠው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረ ትርፍ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ። አባቴ በግቢው ጓሮ ያከራያቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩት። እነሱ የቀበሌ ሆኑ። በአንዱ ውስጥ የነበሩት ተከራይ ሴት በዚያው ቀሩ፤ ኪራዩም ተቀነሰላቸው።

ይህን አዋጅ በማኅበራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ያስታውሰዋል። የባለቤቱ ልጅ «ተቀማን» ይላል፤ የተከራዩ ልጅ «ከመንገድ ዳነን» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቀበሌ ቤትን ማደስ የማንም ሥራ ሳይሆን መቅረቱን ነው። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ፣ ቀበሌውም ከዚያች ኪራይ ስለማይተርፈው፣ ግድግዳው ጎበጠ፣ ቆርቆሮው ዛገ። በሰኞ ገበያና በአራዳ ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች እንዲያ የሆኑት ሰው ስለሰነፈ አይደለም።

በቀጣዮቹ ዓመታት ደግሞ ቦታ ያጣ ሰው በሌሊት መሥራት ጀመረ። «ጨረቃ ቤት» የተባለው ይህ ነው። ምሽት ላይ ማገሩ ይቆማል፤ ሲነጋ ጣሪያው ተመትቶ፣ እናት ከነልጆቿ ውስጡ ትገኛለች። ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ለማንም ሹም አይቀልም። እንዲህ የተሠራው ቤት ካርታ የለውም፤ ዛሬ «ሰነድ አልባ» ይባላል።

በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 ተጠናከረ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚያዘው ለተወሰነ ዘመን ነው፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት። ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች ግን ከሁሉ የሚከብደው ስለ ነባር ይዞታ የተጻፈው ነው። ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል፤ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ ይገባል። ወንድሜ የእህታችንን ድርሻ ገዝቶ ቤቱን በስሙ ሊያደርግ አስቦ ነበር። ይህን ከሰማን በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አወጣን፤ ቤቱም የሁላችን ሆኖ ቀረ። እህቴ ሠላሳ ዓመት እናታችንን ያስታመመችበት ቤት ስለሆነ እኔ በልቤ የፈለግኩትም ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የ10,000 ነዋሪና ከዚያ በላይ ባላቸው ከተሞች የሚሠራ ሆኖ የወጣ ነው፤ «የሕንፃ ሹም» የሚባለውንም ያመጣው እሱ ነው። ሕንፃን በሦስት ምድብ ይከፍላል። «ሀ» ከሁለት ፎቅ በታች ያለ የግል መኖሪያና መሰል ቀላል ቤት ነው። «ለ» ፎቅ ቤቱ ነው። «ሐ» ደግሞ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ነው። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት ይጠየቃል፤ ማለትም በዚያ ቦታ ላይ የከተማው ፕላን ምን ይፈቅዳል የሚለው። ቀጥሎ ንድፉ ቀርቦ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል። ማፍረስም፣ የቤቱን አገልግሎት መለወጥም ፈቃድ ይፈልጋል። «እድሳት ነው» ብሎ ግድግዳ ሁሉ የሚያፈርስ ዘመድ ካላችሁ ይህችን አንቀጽ አንብቡለት። ደንቡ ስለሚሻሻል የወቅቱን ከከተማው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አይቀርም።

ወንድሞቼ ጂ ፕላስ ሁለት ፈልገው ነበር። ደሴ ግን በጦሳና በአዝዋ መካከል፣ በቦርከና ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምት ሲበረታ መሬቱ የሚንሸራተትበት ሰፈር አለ። መሐንዲሱ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ አንድም መሥመር አላሰምርም አለ። ውጤቱ ሲመጣ ለፎቅ የሚያስፈልገው መሠረትና የድጋፍ ግንብ ከቤቱ ዋጋ ሊበልጥ ሆነ። እህቴም «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ደረጃ አልወጣም» አለችና ክርክሩ ተዘጋ። ምድብ «ሀ» ሆነ፤ አንድ ፎቅ የሌለው፣ ሰፋ ያለ በረንዳ ያለው ቤት።

የሌላ አገር ዜግነት የያዛችሁም አትስጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ግን ቢጫ ካርድ ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህን ክልከላ አንሥቶለታል። ውክልና ስትልኩ በኤምባሲ ከተረጋገጠ በኋላ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ አለበት። ውክልናው ውስጥ «ፈቃድ ማውጣት፣ ማፍረስ፣ መገንባት» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ።

ለእኛ ብዙ ጊዜ የወሰደው የጓሮው ጉዳይ ነው። የካርታው ስፋት ከአባቴ ውል ያንሳል፤ የቀበሌዎቹ ሁለት ክፍሎችና ደጃፋቸው ከእኛ ይዞታ ውጪ ናቸውና። ተከራይዋ ዛሬም እዚያው ናቸው። እኛን ሁሉ አዝለው ያሳደጉን፣ እናታችንንም ሐኪም ቤት ያመላለሱ እሳቸው ናቸው። መውጫቸው በእኛ ግቢ በኩል ነው። መሐንዲሱ አጥሩን ቀጥ አድርጎ ሲስለው በሩ ተዘጋባቸው፤ እህቴ ወረቀቱን መልሳ ላከችለት። አሁን በጸደቀው ንድፍ ላይ ከቤቱ ጎን ሁለት ሜትር መተላለፊያ ተትቷል። ፈቃዱ በእህቴ እጅ ነው፤ መሠረቱ ከመስቀል በኋላ ይቆፈራል።