ሰፈር
«ሰፈረ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንድም ቦታ ይዞ ተቀመጠ፣ አንድም እህል በቁና ለካ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ሰፈር፣ ከሁለተኛው መስፈሪያና መስፈርት ተገኙ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው የሰፈሩባቸው ቦታዎች ሰፈር ተባሉ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። ጌታና ሎሌ፣ ሀብታምና ድሃ ተጠጋግተው ኖሩ፤ ከመጠጋጋቱም እድርና የቡና ጉርብትና ጸና።

ዛሬ ሰፈርን የምንሰፍረው በካሬ ሜትር ዋጋና በፎቅ ብዛት ነው። ቁናው ይቀየር እላለሁ፦ አረጋዊቷ ጎረቤቷ ዘንድ በእግሯ ትደርሳለች? ልጁ የሚጫወትበት ደጅ አለው? ለልማት ከሰፈሩ የተነሣው ሰው አዲሱ ቦታ ላይ ቀባሪ ያገኛል? ይህን ያልሰፈረ እቅድ ቤት ይሠራል እንጂ ሰፈር አይሠራም።